ያላየኋት ጨረቃ

ልጅ እያለሁ አዲስ ወር ወደ ሰፈራችን የሚገባው በኦቦ አማን በኩል ነበር። ካላንደር አልነበረም ማለቴ አይደለም። በትምህርት ቤታችንም በጣሂር ሱቅም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ካላንደሩ ግን የጾሙንና የኢዱን ወር አያውቅም። እሱን የሚያውቁት ኦቦ አማን ነበሩ። ወሩ ሃያ ዘጠኝ ሲሞላ ከሰፈራችን በላይ ወዳለችው ኮረብታ ይወጣሉ፣ ወደ ምዕራብ ዞረው ይቆማሉ። ሲወርዱ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ፊታቸውን ነበር።

ሰፈራችን ከአሰላ ከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ በጋሪ ግማሽ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ከኋላችን ጭላሎ ተራራ አለ። ከፊታችን ያለው መሬት የገብስ ማሳውን ይዞ እየወረደ ሄዶ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ይገባል። ሰማዩ ጥርት ሲል ከኮረብታዋ ላይ የዝዋይ ሐይቅ ሜዳ ላይ እንደ ተጣለ ቆርቆሮ ሲያበራ ይታያል። በሥራዬ ብዙ አገር ዞሬያለሁ፤ አዲስ ጨረቃ ለመጠበቅ ከዚያ የተሻለ ቦታ ግን አላጋጠመኝም።

ኦቦ አማን የጋሪ ፈረስ ዕቃ ሰፊ ነበሩ። ልጓሙን፣ የደረት ማሰሪያውን፣ የጀርባ መደላድሉን ሁሉ የሚሰፉት በእጃቸው ነው። ከሲሬ ለገበያ የሚመጡ ሰዎች ሳይቀሩ ወደ እሳቸው ጎራ ይሉ ነበር። ደጃቸው ሁልጊዜ የረጠበ ቆዳና የሞራ ሽታ ይሸታል። ያ ሽታ ዛሬም ድንገት ሲመጣብኝ መጀመሪያ ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ መንገድ እቀይራለሁ።

ልጆቻቸው አድገው፣ አግብተው ሄደዋል። እኔ የጎረቤት ልጅ ነኝ፤ አባቴ እህል ነጋዴ ነበር። ወደ ኮረብታዋ ሲወጡ እኔን ማስከተል የጀመሩት ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ምክንያታቸው ዓይኔ ነበር። ከላይ ሆኜ በታችኛው መንገድ የሚመጣውን ጋሪ አይቼ የማን እንደሆነ እናገር ነበር። ጋሪው ሲደርስ የተባለው ሰው ሆኖ ሲገኝ ኦቦ አማን ይስቃሉ። «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «አንቺን የሰጠኝ አላህ መነጽር ከመግዛት አድኖኛል።» ቀልድ ነበር። መነጽር የሚያስፈልጋቸው ሰው አልነበሩም።

ከጨረቃዋ በኋላ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነበር። አዲሷ ጨረቃ ከታየች፣ ዱዓቸውን አድርገው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። እኔንም ያስቀምጡኛል። «ያለፈውን ወር ዞር ብለን እንየው» ይላሉ። ማንን አስቀየምሁ? ያልሆነ ነገር ተናገርሁ ወይ? ያልጨረስሁት ምን አለ? ጥያቄዎቹን የነገሩኝ አንዴ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቁት በሆዳቸው ይሁን በከንፈራቸው አላውቅም፤ ድምፅ አይሰማም። እኔን መልስ ጠይቀውኝ አያውቁም። እውነቱን ለመናገር እኔ ብዙውን ጊዜ የማስበው እራቱን ነበር። ግን ዝም ብዬ መቀመጥን ከዚያ ተማርኩ። ሰው ምንም ሳይሠራ፣ ምንም ሳይናገር፣ አንድ ወር ሙሉ ወደ ኋላ ሊያይ እንደሚችል አየሁ።

አሥር ዓመት በሞላኝ ዓመት ረመዳንን ሙሉውን ለመጾም ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈቀደልኝ። ሃያ ዘጠነኛው ቀን ላይ ሰፈሩ በሙሉ ተነሥቶ ነበር። ጨረቃ ከታየች ነገ ኢድ ነው፤ ካልታየች አንድ ቀን እንጨምራለን። ራዲዮ የነበረው ጣሂር ብቻ ነው፤ የዚያ ሳምንት ደግሞ የራዲዮው የባትሪ ድንጋይ አልቆ ነበር። ጣሂር ራሱ ድንጋይ ይሸጣል። ለራሱ ራዲዮ ግን ከመደርደሪያው አንሥቶ አያውቅም፤ ያለቀውን ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል።

ወደ ኮረብታዋ ልንወጣ ስንል ወንድሜ ጀማል ከልጆቹ ጋር አጥሩ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«አንቺ ነሽ ጨረቃ የምታዪው?» አለኝ። «ትናንት አፍንጫሽ ሥር ያለውን የጨው ዕቃ አጥተሽ ቤቱን ስታገለብጪ አልነበር?»

ልጆቹ ሳቁ። «ቆይ፣ ዛሬ ታያለህ» አልሁት። «መጀመሪያ የምትሰማው ከኔ ነው።»

ይህን ማለቴን በደንብ አስታውሳለሁ። በጋዜጠኝነት ከተቀጠርሁ በኋላ «ቀድሜ ልናገር» የሚለው ስሜት ሲመጣብኝ መልኩን ስለማውቀው ነው፤ ያን ዕለት አጥሩ ሥር ያወቅሁት ነው።

ላይ ደረስን። ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ገባች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ጨረቃ የሚመስል ቁራጭ ደመና እንኳ አልነበረም። ይህን በተለይ እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም በኋላ ለራሴ ያበጀሁት ማምለጫ ደመናው ነበር። ደመና የለም። ቀይ ነበረ፣ ከቀዩ በላይ ቢጫ፣ ከቢጫው በላይ ባዶ። ኦቦ አማን እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ከታች የልጆቹ ድምፅ ይመጣል። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው። ሆዴ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቋል።

«አልታየኝም» አሉ።

እኔ ጣቴን ዘረጋሁ። «ያቻትና» አልሁ። «ከሐይቁ በላይ።»

ዝቅ አሉ። ፊታቸውን ከፊቴ ጎን አድርገው በጣቴ አቅጣጫ አዩ። ጺማቸው ጉንጬን ነካኝ። ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። «አልታየኝም» አሉ እንደገና፣ አሁን ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ፣ ቀጭን ናት።»

ሁለተኛ እስኪጠይቁኝ አልጠበቅሁም። ቁልቁል ሮጥሁ። «ታየች! ታየች!» እያልሁ አጥሩ ጋ ስደርስ ጀማል አፉን ከፍቶ ቀረ። ሴቶቹ እልል አሉ። ኦቦ አማን ከኋላዬ በዝግታ ሲወርዱ ሰፈሩ አስቀድሞ ኢድ ውስጥ ገብቶ ነበር። ያን ዕለት አዲስ ወር ሲታይ በምንቀመጥበት ድንጋይ ላይ አልተቀመጥንም።

ሶላት የሚያሰግዱን ሼህ ኑር ወደ ፊት ወጡ። «አማን፣ አይተሃል?» አሏቸው።

ኦቦ አማን አንድ ጊዜ ወደ ምዕራብ ዞረው አዩ። ሰውየው በሕይወታቸው ሙሉ ያላዩትን አየሁ ብለው አያውቁም። ግን እኔን አምነውኛል፣ ሰውም እልል እያለ ነው። «አይተናል» አሉ።

ለኢድ ሁለት ምስክር ያስፈልጋል። ሼህ ኑር ዙሪያውን ሲያዩ ጣሂር ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። «ኦቦ አማን ካዩ እኔም አይቻለሁ» አለ። «በበኩሌ ነጭ ነገር አይቻለሁ።» አንዳንዱ ሳቀ፤ ግን ሰው ርቦታል፣ ደስ ብሎታል፣ ሌሊቱን የሚሠራው ብዙ ነው። በዚያው አለፈ።

በማግስቱ እናቴ ጨጨብሳውን በቅቤ አርሳ አቀረበችልን። በኢድ ቀን ወደ ሶላት ከመሄድ በፊት መቅመስ ደንብ ነው። አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ በላሁ። የቅቤው ጣዕም እስካሁን ምላሴ ላይ አለ ብል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ ሁላችን ወደ ሜዳው ወጣን። ወንዶቹ መደርደር ሲጀምሩ ከከተማ አቅጣጫ አንድ ጋሪ መጣ። ነጂው ልጓሙን ያዝ አድርጎ ቆመ፣ እያንዳንዳችንን አየ፣ ነጫጭ ልብሱን፣ ጠግበን የወዛውን ከንፈራችንን።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አለ። «አሰላ ጾም ነው። አገሩ ሁሉ ጾም ነው። ራዲዮ ማታውኑ ተናግሯል።»

ከሴቶቹ መሐል አንዷ አሮጊት የያዙትን ቴምር ከአፋቸው አውጥተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡና አዩት። አንድ ሕፃን ይስቅ ነበር። ሌላው ሰው ቀስ በቀስ ፊቱን ወደ ኦቦ አማን አዞረ።

ጣሂር ቀደመ። «እኔ ነጭ ነገር ነው ያልሁት» አለ። «ጨረቃ አላልሁም። ትናንት የነበረ ሰው ይመስክር።»

«አንተ ደግሞ ፀጥ በል» አሉት ሼህ ኑር። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አማን፣ ምንድን ነው ነገሩ?» አሏቸው።

እኔ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ቆሜ ነበር። ኦቦ አማን ወደ ሴቶቹ በኩል አላዩም። አንድ ጊዜ እንኳ አላዩም። «ልጅቷ አሳየችኝ» ማለት ይችሉ ነበር፤ እውነት ነበር፣ ሰውም ይቅር ይላቸው ነበር። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ዓይኔ ነው የሳተው።»

ሰው ወደ ቤቱ ተበተነ። ቀኑን እንደ ጾመኛ ሳይበላ ሳይጠጣ ዋለ፤ የጎደለውንም ቀን በኋላ ሁሉም በየቤቱ ጾሞ ከፈለ። በነገታው ኢድ ሆነ፤ ግን በሌላ ሰው ቤት እንደሚበላ እራት ነበር።

ጋሪው በመጣበት ቀን ከሰዓት በኋላ ኦቦ አማን ወደ አጥራችን መጡ። እኔን ጠሩኝ። አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው፣ ማንም እንዳይሰማ አድርገው ጠየቁኝ፦ «ኢንተላ ኮ፣ ትናንት የሆነ ነገር አይተሽ ነበር?»

አሁን ሳስበው የዕድሜዬ ትልቁ ጥያቄ እሱ ነበር። መልሱ አንድ ቃል ነው። ጀማል በር ላይ ቆሟል፣ እናቴ ውስጥ ናት፣ ሰፈሩ ሁሉ በእኔ ቃል ጾሙን ፈቷል። ፈራሁ።

«አዎ፣ አይቻለሁ» አልሁ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ደመና ነው ያየሽው» አሉ። «ልጅ ይሳሳታል። ጥፋት የለብሽም። እኔ ግን ያንን ደመና እንኳ አላየሁትም። በደህና ዓይኔ ቢሆን አየውና ደመና መሆኑን እነግርሽ ነበር።» ከዚያ የአውራ ጣታቸውንና የሌባ ጣታቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ጫን አደረጉ፣ የደከመው ሰው እንደሚያደርገው።

ሄዱ። እኔ አጥሩን ይዤ ቆምሁ።

ከዚያ በኋላ ኮረብታዋ ላይ አልወጡም። ወሩ ሃያ ዘጠኝ ሲሆን ሌላ ሰው ይላካል፣ አንዳንዴም ማንም አይወጣም፤ ጣሂር በመጨረሻ ለራዲዮው ድንጋይ አወጣ። ያ እንኳ ቀላሉ ነው። ዓመት ሳይሞላ ወስፌያቸውን አስቀመጡ። «በማያይ ዓይን የተሰፋ ልጓም ሰው ይገድላል» ብለው ሥራውን ለሌላ ሰጡ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የሰፈሩ ሰው ኦቦ አማንን የሚያያቸው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነው። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሌላ መንገድ መዞር ጀመርሁ። ያ መንገድ ረጅም ነበር፣ ክረምት ላይም ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። እናቴ ለምን ጫማዬ እንደዚያ እንደሚሆን ብዙ ጊዜ ትጠይቀኝ ነበር።

አደግሁ፣ ተማርሁ፣ ዜና ጸሐፊ ሆንሁ። ሥራው ላይ ጠንቃቃ ናት ይሉኛል። ያላየሁትን አየሁ ብዬ አልጽፍም፤ የሰማሁትን ከማን እንደሰማሁ እጽፋለሁ፤ ሁለት ሰው ካላረጋገጠልኝ አልነካውም። ባልደረቦቼ ይህን ከትምህርት ቤት ያመጣሁት ይመስላቸዋል። በየወሩ የመጀመሪያ ቀንም ጠዋት ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ያለፈውን ወር አያለሁ። የተሳሳተ ስም አለ? የተሳሳተ ቦታ? ማንን አጎደልሁ? እርማት የሚያስፈልገው ካለ እጽፋለሁ። ሰዎች ይህን ልማድ ያደንቁልኛል። እኔ ግን በየወሩ አንዱን እየዘለልሁ ነው የማልፈው፤ መዝለሌንም አውቃለሁ።

ኦቦ አማን ሲሞቱ ሩቅ ነበርሁ። ለቀብር አልደረስሁም። መድረስ እችል ነበር።

በዚህ ወር መጀመሪያ ለሥራ አሰላ ነበርሁ። ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዤ ስሄድ ነጂው ልጅ ከጎኑ ከተቀመጠው ጓደኛው ጋር ስልክ ላይ ስላየው ወሬ ይከራከር ነበር። ልጁ ከሃያ ዓመት አይበልጥም።

«እሱን ተወው» አለ ለጓደኛው። «ያ የአማን ጨረቃ ነው።»

«የምን?» አልሁት ከኋላ።

«የአማን ጨረቃ። እንዲሁ ነው፣ አባባል ነው። ውሸት ወሬ ማለት ነው፣ እናቴ።»

«አማን ማነው?»

በመስተዋቱ አየኝና ሳቀ። «እኔ ምን አውቄ። ድሮ የነበረ አንድ ዕውር ይሆናል።»

የያዝሁትን ቀጠሮ ሰረዝሁ። በሥራ ዘመኔ ስንቴ እንዳደረግሁት በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል።

የኦቦ አማን ልጅ አዴ ሩቂያ ገበያው ጥግ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ያ ነገር ሲሆን ጮሌ ወረዳ አግብተው ስለነበር በቦታው አልነበሩም፤ የተመለሱት በኋላ አባታቸውን ለማስታመም ነው። ጭነት የወረደለት ሰው ይመስል በሩ ላይ ደረቅ ወንበር ይዤ ተቀመጥሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። ከአጥሩ ጀምሬ እስከ «አዎ፣ አይቻለሁ» ድረስ። ዜና እንደማነብ ነበር የነገርኳቸው፣ ለዚያም አፈርሁ።

አዴ ሩቂያ ጨርቅ እያጠፉ ነበር። ማጠፋቸውን አላቆሙም።

«ስንት ዓመትሽ ነበር?» አሉ።

«አሥር።»

«አሥር።» አንዱን ጨርቅ በሌላው ላይ ደረቡ። «ከዚያ በኋላስ? ሃያ ዓመት ሲሞላሽስ? ሠላሳ ሲሞላሽስ?»

መሬት የወደቀ ጨርቅ አንሥቼ አቀበልኋቸው።

«አባዬን ጤና ጣቢያ ወስጄው ነበር» አሉ። «መነጽር ይታዘዝለት ብዬ። ነርሷ ከሌላ አገር የመጣች ደግ ልጅ ነበረች። ከሩቅ ቆማ ጣቷን እያሳየች ስንት ነው ትለዋለች። አንዱንም አልሳተም። ራቅ አለች፤ አልሳተም። ‹አባቴ፣ እርስዎ ከእኔ የተሻለ ያያሉ› አለችው። ደስ ብሎኝ ልሞት። ስንወጣ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ደግ ልጅ ናት፣ ልታጽናናኝ ብላ ነው።›»

ገበያተኛ ገባ። ሁለት ሜትር ቆርጠው ሸጡለት፣ ሄደ።

«እንግዲህ ይቅርታውን ከኔ አትጠብቂ» አሉ። «የኔ ስላልሆነ ልሰጥሽ አልችልም። ግን ለኔ ብቻ ነግረሽኝ እንዳትሄጂ።»

«ለማን ልንገር?»

«ለሰው ሁሉ አይደል ያኔ የነገርሽው?» አሉ። «እንደዚያው አድርጊ።»

ሻይ አላዘዙልኝም። ስወጣ ግን እስከ በሩ ሸኙኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሰፈራችን ሄድሁ። ኮረብታዋ እስከ ግማሽ ድረስ ቤት ተሠርቶባታል፤ አናቷ ላይ የስልክ ማማ ቆሟል። ዛሬ የወር መግባት ለሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በየኪሱ ይደርሳል። ማንም ወደ ላይ አይወጣም፤ የማንም ጉንጭ ከማንም ጺም ጋር አይገናኝም። የሚሳሳትም የለም፤ ከተሳሳተም የሚጠየቅ አንድ ሰው የለም። ይህ የተሻለ መሆኑን ስለማውቅ አልከራከርም። ግን ቁልቁል ሮጬ በወረድሁባት ቦታ ላይ ቆሜ ሳስብ፣ ያኔ የነበረን አንድ ሰው ነበር፤ እሱን ለሰፈሩ ያሳጣሁት እኔ ነኝ። ያንን ሰፈር የሚያስታውሱ የዕድሜ እኩዮቼ ይህን ካነበቡ፣ የአማን ጨረቃ የሚባለውን ነገር ከልጆቻቸው አፍ ሲሰሙ ታሪኩን ያስተካክሉልኝ።

ስለዚህ የዚህ ወር እርማቴ ይህ ነው። በዚያ ምሽት ሰማዩ ላይ ጨረቃ አልነበረችም፣ ደመናም አልነበረም፤ እኔ ምንም አላየሁም። ኦቦ አማን ወደ ምዕራብ አይተው ሁለት ጊዜ «አልታየኝም» ብለው ነበር። ዓይናቸው ደህና ነበር።